ቤንዚን የጾም ነው የፍስክ?

ታኅሣሥ 2

ከቡሬ በርበሬ ጭኜ ፍኖተ ሰላም አራገፍሁ። አዲስ ነገር የለም። በርበሬው አስነጠሰኝ፣ አራጋፊዎቹ ተጨቃጨቁ፣ ከማንኩሳ ወዲህ ያለው ዳገት ላይ ፒካፗ ደረቷ እንደታመመ አሮጊት እህ... እህ... እያለች ወጣች። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። አንዳንድ ቀን "እትዬ" ልላት ይከጅለኛል።

ለአያ ገብረሰንበት ደወልሁ። የእናቴ ወንድም፣ የፒካፗ ጌታ፣ የቡሬ በርበሬ ንጉሥ።

"አያ፣ ዳገት እንቢ ትላለች።"

"አንተ ነህ እንጂ እንቢ የምትል።"

"ነዳጅ በደንብ አይደርሳትም መሰለኝ። ጋራዥ ላሳያት?"

"እኔ ስነዳት እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረባትም።"

እሱ ሲነዳት አገሩ ሁሉ ቁልቁለት ነበር ይሆን? በአፌ ግን "እሺ አያ፣ እንዳሉ" አልሁ። አፌ ትሑት ነው። ይህ ደብተር ብቻ ነው የሚያውቀኝ።

በጎሚስታው በስመኘው መሐረብ ላይ የበርበሬ ብናኝ አራገፍሁበት። ፊቱን ጠረገበት። እስከ ማታ ሲያለቅስ ዋለ። አንዲት ሴትዮ "እግዜር ያጥናህ፣ ማን ሞቶብህ ነው?" ብላ አጽናናችው። ቀኑ እንዲህ አለፈ።

ታኅሣሥ 4

መልካሙ ጋራዥ ገባሁ። ሌላ ቦታ አጥቼ ነው።

ከመልካሙ ጋር ዘጠነኛ ክፍል አብረን ነበርን። እኔ ከዚያ ወጣሁ፣ እሱ ቀጠለ፣ ኮሌጅ ገባ፣ መካኒክ ሆኖ ተመለሰ። ዲፕሎማውን በመስታወት አስገብቶ ከገብርኤል ሥዕል አጠገብ ሰቅሎታል። ጠዋት ጠዋት የትኛውን እንደሚሳለም እንጃ።

"የነዳጅ ፊልትሮዋ ተደፍኗል። ቱቦው ተፈትቶ ይቀየራል" አለ።

እኔ የመሰለኝ ቁጭ ይልና ይፈታዋል። የት! መጀመሪያ "ከእሳቱ አርቋት" አለ። እታለም ታንጉት ደጁ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ሻይ ትሸጣለች፣ ስመኘው ደግሞ ጎማ የሚለጥፍባትን እሳት ያነዳል። እስከ አጥሩ ጥግ በእጅ ገፋናት። ከዚያ የነዳጅ መሳቢያዋን ፊውዝ ነቀለ። ነቅሎ ደግሞ ሞተሩን አስነሣ!

"ነቅለህ ታስነሣለህ? ምን ዓይነት ጅል ነህ?"

"ቱቦው ውስጥ ግፊት አለ። እንዲሁ ብትፈታው ዓይንህ ላይ ነው የሚረጭ። እንዲህ ስታደርጋት ቱቦ ውስጥ የቀረውን ራሷ ጠጥታ ትጨርሳለች።"

ትንሽ ሠራችና ትክ ትክ ብላ ጠፋች። አለቀ? አላለቀም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ። የታንኩን ክዳን ከፈተ፣ "ትተንፍስ" ብሎ። ከዚያ ሄዶ ቁጭ አለ። ምን እየጠበቅህ ነው ስለው "ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ" አለ። ሙሽራ የሚጠብቅ ነው የሚመስል።

ስመኘው ከማዶ "ተንሥኡ!" ብሎ ጮኸ። ቅዳሴ ገባ ማለቱ ነው። ሰዉ ሁሉ ከእግዚኦታው ጋር ተቀበለው። እታለም ታንጉት ሳትቀር።

ቅዳሴው ቀጠለ። ጓንት አጠለቀ። መነጽር አደረገ። ከሥር የብረት ጣሳ አስቀመጠ። መጋጠሚያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ... ቀስ... አድርጎ አላላው። ጠብ ጠብ ያለውን በጣሳው ተቀበለ። የቱቦውን አፍ በቡሎን ወተፈው። ለአንዲት ፊልትሮ!

ከመኪናዋ ሥር እንደተኛ ጆሮው ሥር ሄጄ "እሳት!" አልሁ።

ግንባሩን ከብረቱ ጋር አጋጨው። ስመኘው መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ። መልካሙ ወጣ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ ግንባሩን ዳሰሰ።

"ክንዱ፣ ይህ የሚቀለድበት ነገር አይደለም።"

"በምን ልቀልድ ታዲያ? በዲፕሎማህ?"

ታኅሣሥ 5

ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣችው። ለመልካሙ አልነገርሁትም። ዲፕሎማ ያለው ሰው ምስጋና ምን ያደርግለታል?

ታኅሣሥ 9

ቤንዚን የለም። ማደያው ላይ ሰልፉ እስከ ከተማው መውጫ ደርሷል፣ ሰዉ ከመኪናው ወርዶ ካርታ ይጫወታል። እኔ እንደነሱ በግ አይደለሁም። መንገድ ዳር ከሚቸረችሩት በጀሪካን ገዝቼ ሞላሁና በሰልፉ ጎን ክላክስ እያደረግሁ አለፍሁ። እጄን እንደ ጳጳስ እያውለበለብሁ።

ማንኩሳ ሳልደርስ ቆመች።

አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ፍኖተ ሰላም መለሰኝ። በዚያው በሰልፉ ጎን! ያ ሁሉ በግ እጁን እንደ ጳጳስ እያውለበለበ ባረከኝ።

ታኅሣሥ 10

ጠዋት ገፍተን መልካሙ ግቢ አስገባናት። ጣቱን ነክሮ አሸተተ፣ በጣቶቹ መሐል አሻሸው።

"ውኃ አለበት። ታንኩ ይራገፋል፣ ይታጠባል። ቱቦውም ይፈታል፣ ፊልትሮውም ይቀየራል።"

"ባለፈው ቀይረኸው የለም?"

"ውኃ ስታጠጣት ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?"

ሰዉ ሳቀ። በእኔ። እሱ ሲቀልድ መቼም ሰምቼው አላውቅም፣ ዛሬ የት ተማረው? እኔ የማስቅ ነኝ እንጂ የሚሳቅብኝ አይደለሁም። እዚያው ላይ ነው የተናደድሁ።

የእጅ መሳቢያ አለችው። መሐሏ ላይ ጨመቅ ጨመቅ የሚያደርጋት የጎማ ኳስ ያላት፣ ቤንዚን ከታንክ የሚስብባት። እሱ ጓንቱን ሲያጠልቅ አነሣኋትና ጋቢናው ጣራ ላይ ወጣሁ።

"አምጣት ክንዱ።"

"አላመጣም። የዚህ አገር ሾፌር ሁሉ በአፉ ስቦ ነው ያደገ። አባትህ ላም ያልቡ ነበር፣ አንተ ደግሞ ቤንዚን ልታልብ ነው?"

"አምጣት በሞቴ። ሥራ አለኝ።"

ስመኘው ጎማ እንደያዘ መጣ። "እናቱ ጡት አላጠቡትም እንዴ? መሳብ እንዴት ያቅተዋል ወንድ ልጅ?"

ይህቺ ገባችበት። ፊቱ ቀላ። ሰዉ እንደ ሠርግ ቤት ሳቀ። ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረና አንድ የላስቲክ ቱቦ አንሥቶ ታንኩ ውስጥ ሰደደ። ተንበረከከ። "ይኸው እሺ! ይኸው!"

ሳበ። ጉንጩ ገባ። አፉ ሞጠሞጠ። በዚያ ላይ ጾም ላይ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰም። እና እኔ... ከጣራው ላይ ሆኜ... ምን ላድርግ፣ ምላሴ ላይ መጣች።

"ቀስ በል መልካሙ! ቤንዚን የጾም ነው የፍስክ?"

ሳቀ። ዘጠነኛ ክፍል ሆነን እንኳ አስቄው የማላውቀው ሰውዬ፣ ዛሬ ሳቀልኝ። ግን ሳቁ ወደ ውጭ አልወጣም። ወደ ውስጥ ነው የገባ፣ ከቤንዚኑ ጋር።

መጀመሪያ እኛም ሳቅን። ከዚያ ሳሉ አልቆም አለ።

ታኅሣሥ 10፣ ማታ

ቀሪውን ልጻፈው። እንቅልፍ የለም።

"ወተት! ወተት!" አለ ሰዉ ሁሉ። ቤንዚን የዋጠ ወተት ይጠጣል፣ ይህን የማያውቅ የለም። ማን እንደነገረን ግን ማንም አያውቅም። እታለም ታንጉት በጣሳ ሙሉ አመጣች። እኔ ተቀብዬ አፉ ላይ አስጠጋሁ። መልካሙ በእጁ ገፋው።

"ጾም ነው" አለ። እያሳለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

"ኧረ ጠጣ! ትሞታለህ!"

"ሳይፈቀድልኝ አልጠጣም።"

እናቱ እትዬ እህተ ማርያም ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ። አሁን ይቆጡታል፣ ያጠጡታል ስንል "የንስሐ አባቱ ይጠሩ" አሉ። አባ ሀብተሚካኤል የት ናቸው? ጅጋ፣ ተዝካር ላይ። ስልካቸው? አይሠራም። ስመኘው በሰው ሞተር ሳይክል ሊያመጣቸው በረረ።

ጠበቅን። ግቢ ሙሉ ሰው ቆሞ ጠበቀ። ጣሳዋ ላይ ሰሃን ተከደነባት፣ ዝንብ እንዳይገባባት። ሰዎቹ ምን ዓይነት ጅሎች ናቸው? አንዱ "ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሩት" ይላል። አንዱ ያጎቱ ልጅ ቤንዚን ጠጥቶ ሰባት ልጅ ወልዷል ይላል። አንዱ ጣቱን ጉሮሮው ከትቶ ሊያስመልሰው ይታገላል። ሆስፒታሉ ከዚያ በእግር የሚኬድበት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ሆስፒታል አላለም።

እኔስ? እኔ ጣሳውን ይዤ ቆሜ ነበር።

አባ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። አቧራ መስለው።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። ልጄ፣ ለደዌ የተፈቀደ ነው፣ ይህንስ ለመጠየቅ እኔን ከጅጋ? ጠጣ በል።"

ጠጣ። እንደጠጣ አስመለሰው። ወተቱም ቤንዚኑም ወጣ። ሰዉ "ተመስገን፣ ወጣለት!" ብሎ እልል ሊል ምንም አልቀረው። መልካሙ ግን መተንፈስ አቃተው። ከንፈሩ እንደ ዶቅማ ጠቆረ።

ያን ጊዜ ነው በባጃጅ የጫንነው። ፒካፗማ አንድ እርምጃ አትሄድ፣ ሆዷ ውኃ ነው።

ታኅሣሥ 11

ሲስተር አምለሰት የምትባል ነርስ አለች። ቀጭን፣ ድምፅዋ እንደ ካቻቢቴ የሚገባ። እኛን ኮሪደር ላይ ደርድራ ጠየቀችን።

"ወተት ያጠጣው ማነው?"

ሁላችንም ወለሉን አየን።

"ያስመለሰው ማነው?"

ሁላችንም ጣራውን አየን።

"ቤንዚን ሆድ ከገባ ተውት። ሲመለስ ነው ወደ ሳንባ የሚሄድ። አፉን አጉመጥምጣችሁ፣ የነካውን ልብስ አውልቃችሁ፣ ወዲያው ማምጣት ነበር። ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?"

ስመኘው "ፈቃድ እየጠበቅን..." አለ።

"የማንን? የሳንባውን?"

  

ኦክሲጅን ላይ ነው። ሳንባው ተቃጥሏል፣ ሌሊቱን ካደረ እናያለን አለች። ካደረ?

ታኅሣሥ 12

አደረ።

ታኅሣሥ 15

ልጠይቀው ሄድሁ። ብርቱካን ይዤ። ስገባ ዓይኑን ከፈተና አየኝ፣ እና አፉ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተነቃነቀ። ሊስቅ! እኔን ሲያይ ያቺ ቀልድ ትዝ ብላው መሆን አለበት። ከዚያ ሳሉ መጣ። አልጋው ተንቀጠቀጠ። ሲስተር አምለሰት ሮጣ ገባች፣ እኔን በክርኗ ገፍታ።

እትዬ እህተ ማርያም ተከትለውኝ ኮሪደር ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። እንዲያውም አንቱ ሊሉኝ ትንሽ ነው የቀራቸው።

"ክንዱ ልጄ፣ ደግ አደረግህ መጣህ። ብርቱካኑን ተቀብያለሁ። ሣቅ ይዘህ መጥተህ እንደሆነ ግን እሱን ይዘኸው ተመለስ።"

ይዤው ተመለስሁ።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። ልጃቸው ከተረፈ ለጥር ንግሥ ግሽ ዓባይ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን ይዤው እሄዳለሁ ብለው እትዬ እህተ ማርያም ተስለዋል። ስመኘው ነገረኝ።

"በምን ይወስዱታል?" አልሁት። "አውቶቡስ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ መስኮት ተዘግቶ... ያ ሳንባ?"

"በአንተ ፒካፕ ነዋ።"

"ፒካፗ እኮ እንደተበላሸች ግቢው ቆማለች።"

"እሱንማ አንተ ታውቃለህ።"

ደነዝ። ያቺን የጡት ቀልድ የቀለዳት እሱ ነው እኮ። እኔ በርበሬ ካላራገፍሁበት የማያለቅስ ሰው ነው፣ ዛሬ ግን ያለ በርበሬ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አልቀለድሁበትም። አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 24

አያ ገብረሰንበት ከቡሬ መጣ። ፒካፗን በመልካሙ ግቢ፣ የታንኩ ክዳን እንደተከፈተ፣ አያት። እሷን አይቶ ነው ያዘነው። መልካሙ እንዴት ነው እንኳ አላለም።

"በርበሬዬ ቡሬ ላይ እየነቀዘ አንተ እዚህ ታጽናናለህ?"

"መካኒኩ ታሞብን ነው አያ።"

"ሌላ የለም? አንድ የማውቀው አለ፣ ቡሬ። ቱቦውን በጥርሱ ፈትቶ በአፉ ይስበዋል። በሻይ ሰዓት ይጨርስልሃል።"

እግዜር ያሳይህ! ሰው በአፉ ስቦ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በአፉ የሚስብ ሌላ ሊያመጣልኝ! ይህ ሰውዬ ለግማሽ ቡሬ በርበሬ ይሸጣል። ሌላው ግማሽ ደግሞ "አያ አያ" እያለ ይነሣለታል።

"እንዳሉ አያ" ልል ነበር። አፌ ለምዶበታል። ሌላ ነገር ወጣ።

"አያ፣ በአፉ የሚስብ ሰው ከዚች መኪና አይደርስም። መልካሙ ቁጭ ብሎ ያሳየኛል፣ እኔ እፈታታለሁ።"

"አንተ? አንተ የቀልድ ዕቃ!"

"እኔ።"

ቁልፉን እንዳይወስድብኝ ኪሴ ውስጥ ጨብጬው ነበር። እየተራገመ በአውቶቡስ ሄደ። ምን ነካኝ? ትናንት ማታ አስቤው እንኳ አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 29

ገና። መልካሙ ትናንት ቤቱ ገባ። ጾሙ ተፈታ። ወተት አቀረቡለት አሉ፣ አሽትቶ መለሰው። ዕድሜ ልኩን አይጠጣም ይሆናል። እኔም ብሆን።

ጥር 5

ጋራዡ ደጅ ወንበር ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ከስቷል። ሁለት ዐረፍተ ነገር ከተናገረ ሳሉ ይነሣበታል፣ ስለዚህ በእጁ ነው የሚያወራው።

"እኔ ልፈታት ነው። ለዘርዓ ብሩክ እወስዳችኋለሁ" አልሁት።

ትኩር ብሎ አየኝ። ጓንቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ያኔ ወርውሯት የነበረችውን። ማን እንዳነሣት እንጃ።

"እሳት" አለና ጣቱን ወደ እታለም ታንጉት ቀሰረ።

ጥር 9

ይህን ቀን እስክሞት አልረሳውም።

ሰው ሞልቷል። ጥምቀት ደርሶ ሥራ የፈታ ሁሉ እኛ ግቢ መጣ፣ ክንዱ ሲቀድስ ሊያይ። ስም ወጥቶልኛል። "ቄስ ክንዱ።" አንዱ ጃንጥላ ይዞልኝ መጣ፣ እንደ ታቦት ሊይዝልኝ።

እታለም ታንጉትን "ከሰልሽን አንሺ" አልኋት። "ምን አባቱ! እዚህ ቦታ ስንት ዘመኔ!" አለች። ከሰሉን ከነማንደጃው ተሸክሜ መንገድ ማዶ አስቀመጥሁት። ሰደበችኝ፣ እናቴን አባቴን ሳትተው። ስመኘው ግን ሳልነግረው እሳቱን አጠፋ። ራሱ።

ፊውዟን ነቀልሁ። ቁልፉን አዞርሁ። ሞተሩ ሊነሣ ሞከረ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ሞተ። ቱቦው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። መልካሙን አየሁት። እጁን ገለበጠ። ድገም። ደገምሁ። ራሱን ነቀነቀ።

የባትሪ ኔጌቲቭ። የታንክ ክዳን። ፍሽ አለ፣ ተነፈሰች።

"ተንሥኡ!" አለ አንዱ። ስመኘው አይደለም። ሌላ ነው፣ የማላውቀው፣ የጎረምሳ ድምፅ ያለው ጎልማሳ። ሰዉ አስተጋባ።

አንድ አጭር መልስ ነበረችኝ። ጥሩ መልስ ናት፣ ደረቱን ይዞ እስኪያነባ የምታስቅ። መልካሙ ከዚያ ቁጭ ብሏል፣ ጋቢው ውስጥ። ዋጥኋት። ከቤንዚን አትሻልም ጣዕሟ።

ሞተሩ ትኩስ አልነበረም፣ ወር ሙሉ ቆማለች። እንዲህም ሆኖ መልካሙ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አድርጌ እንድፈትሽ አዘዘኝ። አድርጌ ፈተሽሁ። ሰዉ "ትኩሳቷን እየለካ ነው!" ብሎ በሳቅ ሞተ።

መሳቢያዋን አመጣሁ። ያቺን፣ እኔ ጣራ ላይ ይዣት የወጣሁትን። ጨመቅ... ጨመቅ... ውኃና ቤንዚኑ ክዳን ባለው የብረት ጀሪካን ገባ። ታንኩንም አለቀለቅሁት። ከዚያ መነጽር፣ ጓንት፣ ጣሳ፣ ጨርቅ። መኪናዋ ሥር ተኛሁ። ሥሯ ሆነህ ስታየው ሌላ ነው። ዝገት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ቱቦው ደግሞ እንደ አሮጊት ጅማት ተሰነጣጥቋል። ጨርቁን ጠቅልዬ ማሰሪያውን አላላሁ። ቀስ። ግማሽ ዙር። ቆምሁ። ሌላ ግማሽ። ጨርቁ ረጠበ፣ ጣሳው ጠብ... ጠብ... አለ። ዓይኔ ላይ አልረጨም። ለምን ይረጫል? ሁሉን አድርጌያለሁ።

አንድ ሰው ጆሮዬ ሥር መጥቶ "እሳት!" አለ።

ግንባሬን አጋጨሁት። ልክ መልካሙ ያጋጨበት ቦታ ላይ፣ ያችኑ ብረት። ወጥቼ ሰውዬውን ላንቀው... ያ ጃንጥላ የያዘው ነው። ጥርሱን አግጦ ሰዉን ያያል፣ እንዲስቅለት። አወቅሁት። ፊቱን አይደለም፣ አፉን አወቅሁት። የራሴ አፍ ነው። እንዲህ ነው እንዴ የምመስል? እንዲህ ያለ ጅል?

ስመኘው የሰውየውን ጃንጥላ ቀማውና በአጥር አሻግሮ ወረወረው። "ውጣ ከዚህ!"

ተመልሼ ገባሁ። የቱቦውን አፍ በቡሎን ወተፍሁት። አዲሱን ቱቦ፣ አዲሱን ፊልትሮ። ፍላጻው ወደ ሞተሩ እንዲያይ መልካሙ በጣቱ አሳየኝ፣ ገልብጬ ልገጥመው ነበር። ማሰሪያዎቹን ጠበቅ አደረግሁ። ንጹሕ ቤንዚን ሞላሁ። ክዳን፣ ባትሪ፣ ፊውዝ። ቁልፉን አንድ ጊዜ ከፍቼ መጋጠሚያውን በደረቅ ጨርቅ ዳሰስሁ። ደረቅ ነው። አስነሣኋት።

ስትነሣ መልካሙ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። በሹክሹክታ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ፦

"ክንዱ። አሁን ፍስክ ነው። ቅመስ እንግዲህ።"

አየሁት። ቀልድ መሆኑ ነው። ዲፕሎማ ያለው ሰው ሁለተኛ ቀልዱ። ለመጀመሪያውም ለሁለተኛውም እኔን ነው የመረጠ።

አልሳቅሁም። ብስቅ ይስቃል፣ ቢስቅ ይስላል። "መጥፎ ቀልድ ነው" አልሁት። "ዲፕሎማህን ይንጠቁህ።"

ጥር 12

ቡሬን፣ ከዚያ ቲሊሊን አልፈን ወደ ግሽ ዓባይ። ከኋላ ተሳላሚ ጫንን፣ በግ አለ፣ ከበሮ አለ፣ አያ ገብረሰንበት አለ። አዎ፣ እሱ! "መኪናዬን ልጠብቅ" ብሎ ከቡሬ ተሳፈረ። አቧራውን ከሌሎቹ ጋር እኩል ይብላው። ከፊት እኔ፣ መልካሙ፣ እትዬ እህተ ማርያም።

ዳገቱ ላይ አላሳለችም ፒካፗ። አንድ ጊዜ እንኳ። አያ ከኋላ ጋቢናውን እየደበደበ "እንዲህ ነበረች እኔ ስነዳት!" ይላል። ማርሽ ቀየርሁ።

መልካሙ ራሱን መስኮት ላይ አስደግፎ ነበር። እናቱ ጋቢውን እያስተካከሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፦

"ክንዱ፣ መንገዱ ረዘመብን። አንዲት ነገር አጫውተን እንጂ።"

 ኮሪደሩ ትዝ አለኝ፣ ብርቱካኑ። በዓይኔ ጥግ የመልካሙን ደረት አየሁ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ቀስ ብሎ።

ሆዴ ውስጥ ያለው ቀልድ ብዙ ነው። ስለ ጃንጥላው ሰውዬ አለ፣ ስለ አያ አለ፣ ስለ አባ ሀብተሚካኤልና ስለ ጅጋው ተዝካር አለ፣ ያቺ ሰው ታስነባለች። ሁሉንም ገለባበጥኋቸው። ካሉኝ ሁሉ ትንሿን መረጥሁ፣ ሕፃን እንኳ ፈገግ ብሎ የሚተዋትን፣ እና ቀስ ብዬ ነገርኋቸው።

እትዬ እህተ ማርያም በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። መልካሙ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ሳቀ።

እግሬን ከነዳጁ አነሣሁና ጠበቅሁ።

አላሳለውም።